ለነፋስ የተከፈተው ግድግዳ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ ለአቶ ቢያድግልኝ፤

እንደምን ሰነበቱ? እጅግ እንደምን ሰነበቱ? ክረምቱ እንዴት አለፈልዎት? ደመና ሲጠቁር የሚነዘንዝዎት ጉልበትዎ ዘንድሮስ ተወት አድርጎዎታል? እናቴስ ወገቧ ተሻላት? ይህን ወረቀት ከአጠገብዎ ተቀምጣ የምታነብልዎት እኅቴ ስርጉትስ ከነልጇ ደኅና ናት? ወንድሜ ደረበስ ጤፉን ሳይረግፍበት ሰበሰበው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ደኅና ነኝ ማለቴ ለደብዳቤ ወግ እንዳይመስልዎት። ተመርምሬ በሐኪም ወረቀት የተረጋገጠ ደኅንነት ነው።

ከዚህ ማረሚያ ቤት በሳምንት አንድ ቀን ስልክ እንደምንደውል ያውቃሉ። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ስላለ፣ ደኅና ነህ ደኅና ነኝ ተባብለን ሳንጠግብ ያልቃል። አሁን የምነግርዎት ነገር ግን በጥድፊያ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ፍርዱን ጨርሶ ወደ አገሩ በሚገባው በለይኩን እጅ ይህን ወረቀት ልኬያለሁ። ለይኩን የእኛው የጎጃም ልጅ ነው፤ ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል ሁለት ዓመት ኖሯል። ተመርምሮ ነጻ ሆኖ ነው የወጣ፤ ከእስር ቤት መጣ ብላችሁ እጁን ከመጨበጥ እንዳትሸሹ። አብሉት፣ አሳድሩት።

ነገሩ የጀመረው አምና በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነው። ዘሩ የሚባል የወሎ ልጅ ወደ ክፍላችን ገባ። ኮኪት አጠገብ ለአጨዳ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ከሰው ተጣልቶ ነው የታሰረ። ከገባ ጀምሮ ያስላል። እኛም የሰሊጥ ማሳ አቧራ ነው አልን፤ ቀጥሎ ወባ ነው አልን፤ ነጭ ሽንኩርት አላምጠን ሰጠነው። ክፍላችን ለሠላሳ ሰው ተሠርታ ሰባ ሁለት ሆነን ነው የምንተኛባት፤ አንዱ ጎኑን ሲገለብጥ ተራው ሁሉ አብሮ ይገለበጣል። ዘሩ ከእኔ ሦስተኛ ነበር የሚተኛ። ታኅሣሥ ላይ መነሣት አቃተው፤ ሐኪም ቤት ወሰዱት። በዘጠነኛው ቀን መሞቱን ሰማን። የሳምባ ነቀርሳ፣ ዛሬ ቲቢ የሚሉት በሽታ ነው የገደለው። ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር።

በማግስቱ ሲስተር የሻረግ መጣች። የክሊኒካችን ነርስ ናት፤ አጭር ቀጭን ሴት ናት፣ ቁጣዋ ግን የኮማንደር ነው። ከክፍላችን መሐል ቆማ ወደ መስኮቱ አየች። አንድ ጠባብ መስኮት ብቻ ነው ያለን፤ እሱንም ትንኝና አቧራ እንዳይገባ ብለን በሰሊጥ ጆንያ ጠቅጥቀነዋል። ክብሪት ጭራ እፍ አለችና ጭሱን ተመለከተች። ጭሱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ወዲህም ወዲያም አላለ። «ይህች ጭስ መሄጃ ካጣች የእናንተ ሳል ወዴት ይሄዳል?» አለችን። ከዚያ የሚያስለውን ሰው እየተከታተለ የሚመዘግብ አንድ የጤና ተጠሪ ምረጡልኝ አለች።

የክፍላችን ካቦ፣ ማለት እስረኛው መርጦት ክፍሉን የሚያስተዳድረው ሰው፣ ሐሚድ ይባላል፤ መተማ ዮሐንስ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። ወደ እኔ ጠቆመና «ይህ ጎጃሜ የትራክተር ሞተር ምን እንደነካው በድምፁ ብቻ ይናገር ነበር፤ የሰው ሳልማ አያቅተውም» አላት። ወደ እኔ ዞሮም «ተማም?» አለኝ። እዚህ ጠረፍ ላይ ሰው ሁሉ እሺ ሲል ተማም ነው የሚል። እኔም ተማም አልሁ። ተማም ስል ምን እንደተሸከምሁ አላወቅሁም ነበር።

ሲስተር ከየክፍሉ የተመረጥነውን ሰብስባ ሦስት ቀን አስተማረችን። ቲቢ በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት፣ በልብስ አይተላለፍም፤ ታማሚው ሲያስልና ሲያነጥስ በአየር ነው የሚሄድ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክሳት፣ እህል ማስጠላት ያየንበትን ሰው እንድንነግራት አዘዘችን። ደብተር ሰጠችኝ። ወዲያው ስም ወጣልኝ፤ «ሳል ጸሐፊው» ተባልሁ። አንዳንዱ በአጠገቤ ሲያልፍ ሆን ብሎ ያስልና «ጻፋት እንጂ» ይለኛል። እኔ ግን ጆሮዬ እየለመደ ሄደ። የትንባሆ ሳል ጧት ጧት ይብሳል፤ የአቧራ ሳል ደረቅ ነው፤ ያ ክፉው ግን ዘይት እንዳነሰው ሞተር ከሥር ነው የሚመጣ። ስድስት ሰው ጽፌ ላክሁ፤ አምስቱ ነጻ ናቸው ተባለ፤ አንዱ ተገኘበትና መድኃኒት ጀመረ። እስከዚህ ድረስ ማንም አልተከፋብኝም።

ከዚያ የአያ አዛናው ሳል ጆሮዬ ገባ።

አያ አዛናው የገለጉ ገበሬ ናቸው፤ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። በወሰን ጠብ ነው የታሰሩ። በክፍላችን የተጣላ የሚታረቀው በእሳቸው ፊት ነው፤ ካቦው ሐሚድ እንኳ ሳያማክራቸው ነገር አይቆርጥም። እኔ እዚህ በገባሁ ሰሞን እህል አልበላ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስተኛ በእጃቸው ያጎረሱኝ እሳቸው ናቸው። እንግዲህ እኒህ ሰው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅልለው፣ ትከሻቸው ብቻ እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፁን ውጠው ሲያስሉ ሰማሁ። ቆጠርሁ። ሦስት ሳምንት ሆነ።

ብቻቸውን ሳገኛቸው «አያ፣ ሰምቻለሁ» አልኋቸው። «ከሰማህ ጆሮህን ድፈን» አሉኝ። ትንሽ ቆይተውም «ዘሩን እናክመዋለን ብለው ነው የወሰዱት። መለሱት? እኔ ከሰው ተለይቼ በባዶ ቤት መሞት አልሻም። እዚሁ በልጆቼ መሐል ልሙት» አሉ። ልጆቼ ያሉት እኛን ነው።

አባቴ፣ ያን የትራክተር አደጋ አጥርቼ ነግሬዎት አላውቅም። ፍርድ ቤት ሲመጡም አፍሬ መሬት መሬት እያየሁ ነበር የተለየሁዎት። ተሳቢው ከመገልበጡ በፊት ከጎማው በኩል አንዲት ድምፅ ሰምቼ ነበር። ጥሩ ድምፅ እንዳልሆነች አውቄያለሁ። እርሻው ስደርስ አየዋለሁ ብዬ አለፍኋት። ተሳቢው ላይ ለአረም የሚሄዱ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። አሥሩ ተረፉ፤ አንዱ ሞተ። ዳኛው ቸልተኝነት ያሉት ያችን ድምፅ ነው። እንግዲህ ሦስት ቀን ሙሉ ደብተሬን ከፍቼ እየዘጋሁ ስቀመጥ በጆሮዬ የነበረችው እሷ ናት። በአራተኛው ቀን ጧት ሄጄ ለሲስተር የአያ አዛናውን ስም ነገርሁ።

የዚያኑ ዕለት መጥተው ወሰዷቸው። ሲወጡ ወደ እኔ አላዩም። በሽታው እንዳለባቸው በሦስተኛው ቀን ተረጋገጠ፤ ክፍሉ ግን ያን ለመስማት ልብ አልነበረውም። እስር ቤት ውስጥ ከነፍሰ ገዳይ ይልቅ የሚጠላ ጆሮ ጠቢ ነው። «አጎረሱህ፤ አንተ ሸጥሃቸው» አለኝ አንዱ። ምግብ ሲቀርብ ከየትኛውም ትሪ ዙሪያ ቦታ አጣሁ። ሐሚድ እንኳ ፊቱን አዞረብኝ። ብቻዬን በላሁ። ሲስተር ሁላችሁም ለምርመራ አክታ ስጡ ብላ ዕቃ ስታድል ሌላው ሰው ሁሉ በአንድ ልብ እምቢ አለ። አያ አዛናው ሳይመለሱ አንሰጥም አሉ። የሰጠሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

እኔም ሲስተርን ለመንኋት። የእሳቸውን ምግብ የማደርሰው እኔ ልሁን፣ እሳቸውም በቀን ውጭ ተቀምጠው ሰው ይያቸው አልኋት። ለብቻ የተቀመጡባት ቤት ከሽቦው አጥር ማዶ ናት፤ ፊት ለፊቷ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። አየር በሚነፍስበት ሜዳ፣ ጭምብል አድርገውና ራቅ ብለው ከተቀመጡ ችግር የለውም አለችና ፈቀደች። ገመድ የተጠለፈበት አንገረብ፣ የዚህ አገር አልጋ፣ ኒሙ ጥላ ሥር አወጣንላቸው። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ምግብ አደርሳለሁ፣ ክኒናቸውን ሲውጡ ቆሜ አያለሁ። እሳቸው ግን ቃል አይተነፍሱልኝም። ስድስት ቀን እንዲህ ሆነ። በሰባተኛው ቀን ሽሮውን ቀመሱና «ጨው አንሶታል» አሉኝ። አባቴ፣ በዚያ ቃል የተሰማኝን ደስታ በወረቀት ልነግርዎት አልችልም። ሮጬ ጨው አመጣሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ሳላቸው ቀለለ፤ እህል ይበሉ ጀመር። መጀመሪያ ሽንታቸው ቀልቶ ደንግጠው ነበር፤ ሲስተር ይህ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ መዋጥዎን የማውቀውም በእሱ ነው ስትላቸው ሳቁ። አንድ ቀን «ስንት ሰው ተመረመረ?» ብለው ጠየቁኝ። «ከእኔ በቀር ማንም። እርስዎን እየጠበቁ ነው» አልሁ። ከአንገረቡ ተነሡ። ጭምብላቸውን አጠበቁ፤ እስከ ሽቦው ድረስ በቀስታ ሄዱ። ማዶ ሰው ተሰበሰበ።

«እኔ ሞቻለሁ?» አሏቸው። «እየጠየቅኋችሁ ነው፤ ሞቻለሁ?» አልሞቱም አሉ። «እኔ ስደብቀው በየቀኑ እናንተ ላይ ስተፋ ነበር። ልጆቼ እያልሁ ልጆቼን ስመርዝ ከረምሁ። ይህ ልጅ ባይናገር ኖሮ ገና እደብቀው ነበር። አክታችሁን ለሴትዮዋ ስጡ። የማይሰጥ ካለ እኔን አያ ብሎ እንዳይጠራኝ።» ይህን ብለው ድካም ስለያዛቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

በዚያ ሳምንት ሁሉም ሰጠ። ሦስት ሰው ተገኘ። ከሦስቱ አንዱ ሐሚድ ነበር። የሐሚድ ሳል ኢምንት ስለነበረ የእኔም ጆሮ አልያዘውም፤ ምርመራው ነው የያዘው። ሊፈታ አንድ ወር ብቻ ነበር የቀረው። መተማ ዮሐንስ ሦስት ትንንሽ ልጆች አሉት፤ የመጨረሻዋ ገና ትጠባለች። ውጤቱን ሲሰማ ወደ እኔ መጣና «ይዤላቸው ልገባ ነበር» አለ። የዚያ ቀን እራት ለብቻቸው ለተዛወሩት ሳደርስ፣ ኒሙ ሥር ትሪው ዙሪያ ቦታ ለቆልኝ ተጠጋ። ተፈትቶም መድኃኒቱን በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ቀጠለ፤ ባለቤቱ ሳሚያና ልጆቹ ተመርምረው ነጻ ሆኑ፤ ትንሿ መከላከያ ተሰጣት።

አሁን ወደ ግድግዳው ልምጣ፤ ደብዳቤውን የጀመርሁት ስለሱ ልነግርዎት ነው። ሲስተር «ክኒኑ የታመመውን ያድናል፤ ክፍሉ ግን ሌላ በሽተኛ ይወልዳል» አለችኝ። ነፋስ በአንድ በኩል ብቻ ሲከፈትለት አይገባም፤ መውጫ ይሻል። እኔ ደግሞ ብየዳ አውቃለሁ። በደብተሬ ላይ ንድፍ ሠራሁ፤ ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ ሁለት የነፋስ መውጫ። በወፍራም ፌሮ የተበየደ፣ በፌሮና በፌሮ መካከል አንድ ጡጫ የማያሳልፍ፤ ከውጭ በትንኝ ወንፊት የተሸፈነ። ይዤ ወደ ማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ቀረብሁ። ኮማንደሩ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «በዚህ ሥራ ስንት ዘመኔ፤ ግድግዳ ልብሳ ፈቃድ ስጠኝ ብሎ በማመልከቻ የጠየቀኝ እስረኛ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ» አሉ። እኔም «ጌታዬ፣ ነፋስ እንጂ ክንድ አያሳልፍም» አልኋቸው። አራት ቀን አሰቡበት። በአምስተኛው ቀን አስጠሩኝና «ቀዳዳው ሳይዘጋ ካደረ ሁለታችንም እንጠየቃለን» ብለው ፈቀዱ። ሁለታችንም ማለታቸው ልቤ ውስጥ ገባ።

ብረቱን ማን ቢልክ ጥሩ ነው? ሐሚድ። ሳሚያ በጭነት መኪና ከመተማ ዮሐንስ ይዛው መጣች፤ ወንፊቱንም ጨምራ። ሚያዝያ ነበር፤ የቆላው ሙቀት ድንጋይ ያፈላል። መሮና መዶሻ፣ ግራይንደር፣ የብየዳ ማሽን ሰጡኝ። ሳጅን ባየልኝ ጠመንጃውን ይዞ እንዲጠብቀኝ ታዘዘ። እንግዲህ ይታይዎት፤ ፍርደኛ የእስር ቤት ግድግዳ በመሮ እየፈለፈለ፣ ጠባቂው ቆሞ ያያል። ግቢው በሙሉ ወጥቶ ሳቀ። የመጀመሪያው ብሎኬት ሲወድቅ ግን ሳቁ ቆመ። በቀዳዳው ውስጥ ውጭው ታየኝ፤ መንገዱ፣ የማሽላ ማሳው፣ ወደ ሸሕዲ የሚሄድ ሚኒባስ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያላየሁት መንገድ ነው። ሳጅን ባየልኝ ፊቴን ሲያይ አየሁት። መሮዬን አንሥቼ ጠርዙን ማስተካከል ቀጠልሁ።

ከቀትር በኋላ ሳጅኑ ጠመንጃውን ለባልደረባው ሰጥቶ ፌሮውን ይይዝልኝ ጀመር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለቱም ቀዳዳ ብረታቸውን ለበሱ። ጆንያውን ከመስኮቱ አወጣነው። ሲስተር የሻረግ መጥታ ክብሪት ጫረች፤ እፍ አለች። ጭሱ አንዴ ዘንበል አለና ሽው ብሎ በአንደኛው ቀዳዳ ወጣ። ሰባ ሰው አንገቱን አቅንቶ ጭስ ሲመለከት አይተው አያውቁም፤ እኔም አላየሁም ነበር። ከኋላ አንዱ «ነፋሱ አገኘኝ» አለ፤ ቀጥሎ ሌላው «እኔንም» አለ። ሲስተር ፊቷን አዙራ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች፤ ወዲያው ደግሞ ጆንያውን እሳት አስገቡልኝ ብላ ተቆጣች።

ይህ ከሆነ ሰባት ወር ሆነው። ከዚያ ወዲህ በክፍላችን አዲስ ታማሚ አልተገኘም። የሌሎቹ ክፍሎች ሰዎች የእኛስ ብለው ጮኹ፤ ለአራት ክፍሎች ሠርቻለሁ፤ የሴቶቹንም ጨርሻለሁ። አዲስ የሚገባ እስረኛ አሁን ሳይመረመር ከሌላው ጋር አይቀላቀልም፤ የሚቀበለው የጤና ተጠሪ ነው። ባለፈው ወር ከዞን የመጡ እንግዶች ግቢውን ሲጎበኙ ኮማንደሩ በስሜ ጠርተው «ግድግዳችንን የበሳው ይህ ነው» ብለው አስተዋወቁኝ። ሰው በስሙ ሲጠራ ቁመቱ ይጨምራል አባቴ። አያ አዛናው ስድስቱን ወር ሳያቋርጡ ውጠው ነሐሴ ላይ ጨረሱ። አመሰግናለሁ ብለውኝ አያውቁም። ወደ ክፍሉ ሲመለሱ ግን ፍራሻቸውን ከእኔ ፍራሽ አጠገብ ጣሉ፤ ሰዎች ሌላ ሰፊ ቦታ ሲሰጧቸው እምቢ አሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስርጉት ሆይ፣ ይህን ስታነቢ እንዳታልፊው። አባቴ፣ ስለ እኔ የሚጠይቅዎትን ሰው «ሱዳን ተሻግሯል» እያሉ እንደሚመልሱ ስርጉት በስልክ አምልጧት ነግራኛለች። አልተቀየምሁም። በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም እንዲያ እል ነበር። አሁን ግን ፈቃድዎ ከሆነ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ሲጠይቅዎት ቀና ብለው እንዲህ ይበሉልኝ። ልጄ በቸልታው ሰው ሞቶበት እስር ቤት ነው፤ እዚያም ሰባ ሰው የሚተነፍስበትን አየር በእጁ ከፍቷል ይበሉ። ሁለቱንም አንድ ላይ ይበሉልኝ። አንዱን ብቻ አይበሉ።

እናቴን ጉልበቷን ስሜያለሁ፤ የላከችልኝን በሶ እኔና አያ አዛናው ጨርሰነዋል በሏት። ደረበን እጅ ነሥቻለሁ፤ የበሬው ቀንበር ሲሰበር በሽቦ ከማሰር ይልቅ ይለውጠው። አዲስ የወለደችውን የደረበን ሚስት እንኳን ማርያም ማረችሽ በሉልኝ፤ ልጁን ማን አላችሁት? የስርጉትን ልጅ ሃይሚን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ትምህርቷን ትበርታ። አክስቴ ጥሩዬ ያ የፍልሰታ ሳሏ ካልለቀቃት፣ ብርድ ነው እያለች እንዳታዘገየው፤ ደረበ ይህን ደብዳቤ በሰማበት ሳምንት ጤና ጣቢያ ይውሰዳት። ጎረቤቱን ሁሉ፣ የማኅበሩን ሰው ሁሉ፣ የማያስታውሰኝንም ጭምር፣ ሰላም በሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ
ምንይችል ቢያድግልኝ

መተማ ቆላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.